ክር በፌስታል ተተብትቦባችሁ የተቸገራችሁ፣ ኑ እስቲ እንመካከር

የገርጂዋ (አዲስ አበባ)

ሰላም ጤና ይስጥልን። እዚህ የእጅ ሥራ የሚወድ አይጠፋም ብዬ ነው የጻፍኩት። ክሮስ ስቲች፣ ያ ካሬ እየተቆጠረ በመስቀልኛ ስፌት የሚጠለፈው፣ ከያዘኝ ቆይቷል፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ ካሬ ስቆጥር የቀኑ ድካም ሁሉ ይወጣልኛል። ሥራው አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ዕቃው ነው።

አክስቴ ከአሜሪካ በመጣች ቁጥር ክር ትይዝልኛለች፤ እኔም መርካቶ ከወረድኩ ባዶ እጄን አልመለስም። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ትልቅ ፌስታል ሞላ። ጥቅሎቹ እርስ በርሳቸው ተተብትበዋል፣ የቀለም ቁጥር የተጻፈበት ወረቀታቸው የወለቀም አለ። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የኔ የምለው ጠረጴዛ የለኝም። ሶፋ ላይ እሠራለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ጠራርጌ አልጋ ሥር!

አሁን የያዝኩት የላሊበላ መስቀል ነው፣ አይዳ 14 በሚሉት ባለ ካሬ የጥልፍ ጨርቅ ላይ። ወርቃማው ሦስት ደረጃ አለው፤ ማታ በአምፖል ሦስቱም አንድ ይሆኑብኛል። እናንተ ክራችሁን እንዴት ነው የምትይዙት? ለጥልፍ ብቻ ሰፊ ክፍል ያላቸውን ሴቶች ቪዲዮ አይቼ አይቼ ሰልችቶኛል፤ በጠባብ ቤት የሚሆን ንገሩኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

የኔ እህት፣ ፌስታሉን ዛሬውኑ ገላግይው። ክር እዚያ ውስጥ ከከረመ የሚፈታው በመቀስ ብቻ ነው።

እኔ የማደርገው ይኸውልሽ። ዲኤምሲ የሚባለው የጥልፍ ክር አንድ ጥቅሉ 8 ሜትር ነው፤ ያንን ቦቢን በሚሉት ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ ላላ አድርጌ እጠቀልልና አናቱ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ከዚያ ክፍልፍል ባለው ባለ ክዳን ሳጥን ውስጥ በቁጥር ቅደም ተከተል እደረድራለሁ። አደራ፣ ቁጥሩን የምትጽፊው ወረቀቱን ከማውለቅሽ በፊት ነው። ዲኤምሲ 500 ያህል ቀለም አለው፤ ወረቀቱ አንዴ ከወለቀ አረንጓዴን ከአረንጓዴ መለየት ዓይን ማሳመም ነው። ሳጥኑ በቁሙ ስለሚቀመጥ ሶፋና ግድግዳ መሃል ይገባል፣ አልጋ ሥር መጎንበስ ቀረ።

ሃይፋ ነኝ

ቦቢን እኔን አልተስማማኝም። ክሩ ጠርዙ ላይ ይታጠፍና እጥፋቱን ይይዛል፤ ስትጠልፊው ያ እጥፋት ፊት ለፊት ይታያል። በእርጥብ ስፖንጅ ቢነኩት ይለቃል፣ ግን ማን ይታገሳል! እኔ ለእያንዳንዱ ቀለም ትንሽ ዚፕ ያለው ላስቲክ አለኝ፤ ቁጥሩን ላዩ ላይ ጽፌ ላስቲኮቹን በትልቅ የቁልፍ ቀለበት እሰካቸዋለሁ። የተረፈ ቁራጭ ክርም እዚያው ይገባል።

ደግሞ በቁጥር መደርደር ምን የሚሉት ነው? 309 ሮዝ፣ 310 ጥቁር፣ 311 ጠቆር ያለ ሰማያዊ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ምንም አይተዋወቁም። እኔ በቀለም ነው የምደረድረው። ሳጥኑን ስከፍት ልቤ ደስ ይበለው እንጂ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ደስታሽን አልነፍግሽም 😀 ግን ቻርቱ፣ ባለ ካሬው የጥልፍ ንድፍ፣ የሚጠራሽ በቁጥር ነው። «3347 አምጪ» ሲልሽ አረንጓዴውን ሁሉ ልታገላብጪ ነው?

ሃይፋ ነኝ

አገላብጣለሁ! ምን ቸገረኝ፣ ግማሹ ደስታ እሱ አይደል?

የሌሊት ተረኛ (ሐዋሳ)

ወንድ ነኝ፣ አትሳቁብኝ። ፋርማሲ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፤ ሰው በማይገባበት ሰዓት ስልክ ከምነካካ መርፌ ይሻለኛል ብዬ ጀመርኩ።

ቦቢን ከውጭ እስኪመጣላችሁ አትጠብቁ። የመድኃኒት ካርቶን ወፍራምና ለስላሳ ነው። የክብሪት ሳጥን በሚያህል መጠን ቆርጣችሁ ሁለቱን ጎን በመቀስ ትንሽ ጣል ጣል አድርጋችሁ ስንጠቁት፤ አንዱ ስንጥቅ የክሩን ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው መጀመሪያውን። የጥርስ ሳሙና ካርቶንም ይሠራል። ሳጥኑን ደግሞ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሂዱና ብሎንና ሚስማር የሚለዩበትን ክፍልፍል ፕላስቲክ ጠይቁ። ጥልፍ የሚል ቃል ካልተጻፈበት ዋጋው ሌላ ነው።

የገርጂዋ፣ ስለ ወርቃማዎቹ፦ 3820፣ 3821፣ 3822 ናቸው እንዴ?

የገርጂዋ

እነሱው ናቸው! በምን አወቅክ?

የሌሊት ተረኛ

እኔም መስቀል ሠርቼባቸዋለሁ። 3820 ጠቆር ያለው ነው፣ 3822 ፈዛዛው። ቀን፣ መስኮት አጠገብ ሆነሽ፣ አንድ ረዘም ያለ ካርቶን በጎኑ በጎኑ ብሺው። በየቀዳዳው ከየቀለሙ ቁራጭ እሰሪና አጠገቡ ቁጥሩንና ቻርቱ ላይ ያለውን ምልክት ጻፊ። ማታ ቀለም አትለዪ፣ ከካርዱ ላይ ብቻ አንሺ። መርፌም ሦስት አድርጊና እያንዳንዱ ላይ የራሱን ቀለም ሰክተሽ ተይው፤ ነቅለሽ ስትሰኪ ነው የሚምታታው። ወረቀታቸው የወለቀባቸውንም እንዲሁ ቀን ላይ አክስትሽ ካመጣችው ቁጥር ካለው ጋር አስተያዪ። የቻይናዎቹ ስብስቦች ብዙዎቹ የዲኤምሲን ቁጥር ይጽፋሉ፣ ቀለሙ ግን ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ስለዚህ አንድ ሥራ ላይ አትቀላቅያቸው።

ዝም ብዬ አንባቢ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ በመኪና ጠልፈው በአንድ ቀን ያስረክቧችኋል። አንድ መስቀል ለመጥለፍ ወራት መፍጀት ምን ይሉታል? ሥራ ፈትነት እንዳይሆን ብዬ ነው።

የሌሊት ተረኛ

ወንድሜ፣ ኳስ በቲቪ ስታይ ጎሉን አንተ ነህ የምታገባው?

የሸማኔው ልጅ (አዲስ አበባ)

ሽሮ ሜዳ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ያደግኩት እዚያ ነው። አባቴ የዶርዜ ሰው ነው፣ ሸማኔ። መኪና የሚጠልፈው ያለቀ ጨርቅ ላይ ነው፤ የእጅ ጥለት ግን ጨርቁ እየተሠራ ነው አብሮ የሚገባው። አባቴ ጥለት ሲያወጣ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሳና ባለቀለሙን ክር በመሃል ያሳልፋል። ስንት ድር ያነሳል፣ ስንት ይተዋል፣ ሁሉም ራሱ ውስጥ ነው፤ ወረቀት ላይ አይቼው አላውቅም። ወሬ ጀምራችሁ ቆጠራውን ብታስቱት ግን ወየውላችሁ።

ለምን አነሳሁት? ጥለት ከመሠረቱ ቆጠራ ስለሆነ ክሮስ ስቲች ላይ ሲመጣ ያለ ምንም ችግር ይቀመጣል። ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር አውጡ፣ አንድ ካሬ አንድ መስቀል። የተለመደውን ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ብትፈልጉ ከላይ በ1 ካሬ ጀምሩ፣ ቀጥሎ 3፣ 5፣ 7 እያላችሁ እስከ 13 ድረሱ፣ ከዚያ በመጣችሁበት ተመለሱ። መሃሉ ላይ 5 በ5 የሚሆን መስቀል ለመተው ይበቃል። ጎን ለጎን ስትደግሙት በሁለቱ መሃል የሚቀረው ባዶ ቦታ ራሱ ግማሽ ጥለት ሆኖ ይወጣል። እህቴ የጠረጴዛ ልብስ ጠርዙን በሙሉ በዚህ ሠርታለች፣ በ321 ቀይና በ310 ጥቁር። አባቴ አገላብጦ አየና «ጀርባው ቆሽሿል» አለ። ሸማኔ ነዋ፣ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባ ነው።

የገርጂዋ

አባትህ እውነታቸውን ነው 😂 የኔን ጀርባ ባያዩ ይሻላል። ይሄን የ1፣ 3፣ 5 ነገር ግን ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ።

የድሮ የባልትና መምህር

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። ባልትና በትምህርት ቤት በሚሰጥበት ዘመን አስተምር ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ ጀርባው የተነሳው ትክክል ነው። እኛ ውጤት የምንሰጠው ጨርቁን ገልብጠን ነበር። ቋጠሮ ያለበት ሥራ ሲተኮስ ፊቱ ላይ ጉብ ጉብ ይላል።

ቋጠሮ የማያስፈልግበትን መላ ልንገራችሁ። ክሩ ስድስት ቀጫጭን ነጠላ ክር አንድ ላይ የተጣመረ ነው፤ ለአይዳ 14 የምትጠቀሙት ሁለቱን ነው። ሁለት ከምትመዙ አንዱን ብቻ በእጥፍ ርዝመት ምዘዙ፣ አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ከዚያ አጥፋችሁ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ መርፌው ውስጥ አስገቡ። ከሥር ወደ ላይ ስትወጡ የታጠፈውን ዓይን ከሥር አስቀሩት። የመስቀሉን ግማሽ ሠርታችሁ ስትወርዱ መርፌውን በዚያ ዓይን አሳልፉ። ተያዘ፣ አበቃ። ስትጨርሱ ደግሞ ከኋላ በአራት አምስት ስፌት ሥር አሳልፋችሁ ቁረጡ። ነጠላውን ስትመዙ አንድ በአንድ ነው፤ ሁለቱን አንዴ ከጎተታችሁ ሌላው ሁሉ ይጨማደዳል።

ሌላው፣ የላይኛው ግማሽ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጋደም። አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ካጋደለ ብርሃኑን የሚመልሰው ለየብቻ ነውና ቀለሙ አንድ ሆኖ ሳለ ጥልፉ ዝንጉርጉር ይመስላል።

ስለ ማስቀመጫው፣ እኔ ክሬን የማኖረው ሙዳይ ውስጥ ነው። ክዳን አለው፣ አቧራ አያስገባም፣ ሳሎን ውስጥ ቢቀመጥም ለቤቱ ጌጥ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚሸሸግ ነገር የለም። ውስጡን ግን በነጭ ጨርቅ ልበሱት፤ የአክርማው ጫፍ ክር ይመዛል።

የገርጂዋ

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ! ሙዳይ እኮ ቤቴ አለ፣ የሠርጌ ጊዜ የተሰጠኝ፣ ውስጡ ያለው የቆየ ደረሰኝ ነው። ግን እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አማቴ በበዓል ቀን መርፌ ስይዝ ካዩኝ ይቆጣሉ። ሥራ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ማረፊያዬ እኮ ነው እላለሁ።

የድሮ የባልትና መምህር

ልጄ፣ እናቴም በሰንበትና በበዓል እንዝርት አታስነካንም ነበር፤ ፈትልና መርፌ አንድ ናቸው ለሷ። ከአማትሽ ጋር በዚህ አትከራከሪ። በዚያ ቀን ክር ደርድሪ፣ ቻርት ሳዪ።

ሃይፋ ነኝ

እኛም ቅዳሜ አንነካም፣ ጉዳዩ አንድ ነው። የእናቴን ነገር አስታወሳችሁኝ። ጎንደር ሆነን ወደ እስራኤል የምንገባበትን ተራ ስንጠብቅ ሴቶቹ ተሰብስበው ይጠልፉ ነበር፤ የትራስ ልብስ፣ የሰንበት ዳቦ መሸፈኛ፣ እንዲህ ያለውን። ለብዙዎቹ እሱ ነበር የእጅ ገንዘባቸው። እናቴ እስከ ዛሬ ቻርት የሚባል አታይም። ጨርቁ ላይ በእርሳስ ትነድፍና አንበሳውን፣ ጎጆውን፣ እንስራ የተሸከመችውን ሴት ትሞላዋለች። የኔን ካሬ ቆጠራ ስታይ «ይሄ ሂሳብ ነው፣ ጥልፍ አይደለም» ትለኛለች። ክሯን የምታስቀምጠው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፣ ሁሉንም ቀለም አንድ ላይ፣ ያለ አንዳች ቁጥር፤ ደግሞ የምትፈልገውን ሳታይ ነው የምታወጣው!

ከአማን

የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቶ ክር ያላገኘ ልጅ የለም መቼም።

እኔ ያለሁት ዮርዳኖስ ነው። የምሠራበት ቤት እናት ፍልስጤማዊት ናቸው፤ ቀሚሳቸውን ራሳቸው ይጠልፋሉ፣ ሁሉም በመስቀልኛ ስፌት ነው። ይሄ የፍልስጤም ጥልፍ በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ከሳቸው የተማርኩት አንድ ነገር አለ፣ ለሐበሻ ቀሚስ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሐበሻ ቀሚስ ላይ፣ ወይም ጥቁር ጨርቅ ላይ፣ ካሬ አይቆጠርም፤ ሽመናው ረቂቅ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ካሬው ጉልህ የሆነ፣ ሙጫ የነካው ሳሳ ያለ ካንቫ ቆርጠው ጨርቁ ላይ በሰፋፊ ስፌት ያያይዙታል። ከዚያ በሁለቱም አሳልፈው ካንቫው ላይ እየቆጠሩ ይጠልፋሉ። ሲያልቅ ካንቫውን ትንሽ ውሃ ያስነኩትና ክሩን አንድ በአንድ በጉጠት ይመዙታል። ካንቫው ወጥቶ ያልቅና ጥልፉ ጨርቁ ላይ ብቻውን ይቀራል። የደረቱን ክፍል ለብቻው ጠልፈው በኋላ ቀሚሱ ላይ ይሰፉታል፤ ቀሚሱ ሲያረጅ ፈትተው አዲስ ላይ ያዞሩታል። ስትጠልፉ ግን የካንቫውን ክር በመርፌ አትውጉት፤ የተወጋው ሲመዘዝ ጥልፉን ይጎትታል። በየቀዳዳው ብቻ።

የሸማኔው ልጅ

ይሄ ግሩም ነው። ለነጠላ ጠርዝ ይሆናል?

ከአማን

ለነጠላ ይከብዳል ብዬ እፈራለሁ፣ ይሸበሽበዋል። ለወፍራም ቀሚስ፣ ለጋቢ ጠርዝ፣ ለትራስ አዎ።

ገና ጀማሪ (ድሬዳዋ)

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ያወረድኩት ቻርት 140 በ140 ይላል። ስንት ጨርቅ ልግዛ? ደግሞ ሲያልቅ እንዴት ይታጠባል? እኛ ጋ ሙቀት ነው፣ እጄ ያልበዋል፣ ጨርቁ ገና ከአሁኑ ጠቁሯል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

አይዳ 14 ማለት በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር፣ 14 ካሬ ማለት ነው። 140ን ለ14 አካፍይው፣ 10 ኢንች፤ ያ ወደ 25 ሴንቲ ነው። ፍሬም ለማስገባት በየጎኑ 7 ወይም 8 ሴንቲ ጨምሪ፣ እንግዲህ 40 በ40 ይበቃሻል። ያንኑ ቻርት አይዳ 18 ላይ ብትሠሪው ጥልፉ 20 ሴንቲ እንኳ አይሞላም፤ ለዓይን ግን ይከብዳል፣ ለጀማሪ አልመክርም። መጀመሪያ ጨርቁን ለሁለት ለሁለት አጥፈሽ መሃሉን አግኚና ከዚያ ጀምሪ፤ ከጥግ ጀምሮ ጨርቅ ያለቀበት ስንቱ ነው!

ጨርቁን የምትወጥሪበትን ክብ መወጠሪያ ደግሞ ሠርተሽ ስትነሺ አውልቂው። ጨርቁ ላይ ከከረመ ክቡ ምልክት ይሠራል፣ ላብ ካለ ደግሞ ያ ክብ ቆሻሻ ሆኖ ይደርቃል። መርፌም ጨርቁ ላይ ተሰክቶ አይደር፣ ይዝግና ያልፋል ነገሩ።

የድሮ የባልትና መምህር

ማጠቡን እኔ ልመልስ። ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ሳይታሽ ይነከር፣ በእጅ ጫን ጫን ይደረግ። ኦሞ የሚባል ነገር አይነካውም፣ በረኪና ደግሞ ከቤቱም ይራቅ! ቀይ ካለበትና ውሃው ከቀላ አትደንግጪ፣ ግን ዘርግተሽ እንዳታደርቂው፤ የለቀቀው ቀለም ጨርቁ ላይ ከደረቀ አይለቅም። ውሃው ጥርት እስኪል በቀዝቃዛ ደጋግመሽ አለቅልቂው። አይጠመዘዝም፤ ነጭ ፎጣ ውስጥ ጠቅልለሽ ውሃውን ምጠጪ። የሚተኮሰው ፊቱ ወደ ታች፣ ሥሩ ወፍራም ፎጣ ተደርጎ ነው፤ ያለዚያ መስቀሎቹ ይዳመጣሉ። ለላቡ ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት እጅ መታጠብ ነው፣ ቅባት ግን አትቀቢ።

የገርጂዋ

ሪፖርት ላቅርብ። ፌስታሉ ተፈቷል! ባለቤቴም ተቀምጦ አብሮኝ ፈታ፣ የማይፈታውን ቆርጠን ለልጆቹ ለወረቀት ሥራ ሰጠን። የሌሊት ተረኛን የካርቶን ቦቢን ሠራሁ፣ ቁጥሩ ያለውን ሁሉ በቁጥር (ይቅርታ ሃይፋ)፣ ቁጥሩ የጠፋውን ግን በቀለም (ደስ ይበልሽ ሃይፋ)። ሳጥኑ ሶፋው ጎን ገብቷል። በእጄ ያለው ሥራ ግን ከሳጥኑ ጋር አይቀላቀልም ብዬ ወሰንኩ፤ የመስቀሉ ጨርቅ፣ ቻርቱ፣ ሦስቱ ወርቃማዎች ከነካርዳቸው፣ መቀሱ፣ ሁሉም ሙዳዩ ውስጥ ናቸው። አንስቼ ሶፋ ላይ ነው። እኔ የማምነው ይሄንን ነው አሁን፦ አምስት መቶውን ቀለም ማሳመር ሌላ ቀን ይደርሳል፣ የዛሬው ሥራ ግን በአንድ እጅ የሚነሳ መሆን አለበት።

አንድ የቀረኝ፦ ሙዳዩን የትንሿ ልጄ እጅ እንዳይደርስበት የት ላድርገው? መቀስና መርፌ አለበት።

ሃይፋ ነኝ

ደስ ብሎኛል፣ በግማሹም ቢሆን 😀 መርፌውን ማግኔት ላይ አድርጊው፣ ትንሽ የፍሪጅ ማግኔት ይበቃል። ሙዳዩ ቁም ሣጥን አናት ላይ ይውጣ።

ዝም ብዬ አንባቢ

ያው አንባቢ ነኝ። ሚስቴ ይሄን ሁሉ አንብባ ልጀምር አለች፤ ጨርቁን አግኝታለች፣ አይዳ 14። መርፌው ስንት ቁጥር ነው የሚገዛው? የቤቱ መርፌ አይሆንም ወይ?

የሌሊት ተረኛ

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። የቤቱ መርፌ ጫፉ ስለታም ነው፣ የጨርቁን ክር ይወጋል። ጫፉ ደነዝ፣ ቀዳዳው ሰፊ የሆነውን ጠይቅ፤ ለአይዳ 14 ቁጥር 24፣ ለአይዳ 18 ቁጥር 26። ሁለት ሦስት ግዛ፣ ሶፋው ይበላል።